አቧራ የበላች መኪና

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 5

እንግዲህ ኡመልኸይር፣ በአርባ ዓመትሽ መኪና ልትገዢ ነው። ጉድ ነው መቼም።

ሐሙስ ዕለት ሲ ዓማር ቢሮው ጠራኝና በሩን ዘጋ። ሲ ዓማር የቢር ነዓም ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነው፤ እኔ እዚያ ሂሳብ ማስተማር ስጀምርም እሱ ነበር። "በጁን ጡረታ ልወጣ ነው ልጄ። በእኔ ቦታ አንቺን ብያለሁ፣ የበላዮቹም ተስማምተዋል" አለኝ። ቀጥሎ ደግሞ "ግን በሩን የሚከፍተው ርዕሰ መምህር ነው። ስብሰባ ሲጠሩሽ ከተማ መሄድ አለ፣ ልጅ ሲታመም ክሊኒክ መውሰድ አለ። የራስሽ መኪና ያስፈልግሻል። እስከ ሜይ አጋማሽ ቁርጡን ንገሪኝ፣ አለዚያ ከከተማ የማናውቀውን ሰው ይልኩብናል" አለ።

ያንን ቢሮ ስመኝ ስንት ዘመኔ! ልጆቹን በስማቸው አውቃቸዋለሁ፣ የትኛው መስኮት እንደማይዘጋ አውቃለሁ። ሌላ ሰው መጥቶ እዚያ ሲቀመጥ ማየት አልችልም።

ወደ ቤት ስንመለስ ለላዝሀር ነገርኩት። ታላቅ ወንድሜ ነው። በየቀኑ በአባባ ፔጆ ፒካፕ እያደረሰ የሚመልሰኝ እሱ ነው። የቴምር ማሸጊያው ከተዘጋ ወዲህ ሌላ ሥራ የለውም። ነዳጁን እኔ እሞላለሁ፤ ለሲጋራው ደግሞ ትንሽ ነገር መሳቢያው ውስጥ እተውለታለሁ፤ እሱም አያነሳውም እኔም አላነሳውም፣ ወሬውን ማለቴ ነው።

"መኪና ለምን? እኔ የለሁም እንዴ?" አለ።

"አለህ።"

"ታዲያስ?"

የሲ ዓማርን ቃል ደገምኩለት። ኋላ ላይ "እሺ፣ እንፈልጋለን። ብቻ አቧራ ያልበላች ትሁን" አለ። በኛ በሱፍ በረሃ አቧራ ያልበላች መኪና! ሳቅኩበት። እሱ አልሳቀም።

መንጃ ፈቃድ አለኝ። ዓምና ነው ያወጣሁት። እስካሁን ያልነዳሁት ጊዜ አጥቼ ነው። የፒካፑ ፍሪሲዮንም ለእኔ እግር ከባድ ነው።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 7

ፒካፑ ጠዋት አልነሳ አለ። ገፋነው። እማ በሌሊት ልብሷ ወጥታ እሷም ገፋች። አርፍጄ ደረስኩ፤ ልጆቹ ክፍሌ በር ላይ አሸዋ ላይ ተቀምጠው ጠበቁኝ። ሲ ዓማር ሰዓቱን አየ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ዛሬ የዕረፍት ቀናችን ነውና የመኪና ገበያ ሄድን። እኔ ፒካፑ ውስጥ መስታወት ዘግቼ ተቀመጥኩ። ሴት መኪና ገበያ ውስጥ አትዞርም። ክልክል ሆኖ አይደለም፣ ግን አትዞርም። ሙቀቱ ሊገድለኝ ነበር።

ላዝሀር ከአንዱ ወደ አንዱ ይሄዳል። ሻጭ ዋጋ አይጠራም፤ ገዢ ጠጋ ብሎ "ስንት ሰጡህ?" ይለዋል፣ ሻጩም ሰው የሰጠውን ይናገራል፣ ከዚያ በላይ መጨመር የገዢው ፈንታ ነው። እኔ በመስታወት የሁለት ወንዶች ከንፈር ሲንቀሳቀስ አያለሁ። የምሰማው ላዝሀር ተመልሶ የሚነግረኝን ብቻ ነው።

አንዲት ነጭ አየ። ኮፈኗን ከፍቶ ጭንቅላቱን ከተተ፣ የወንበሩን ሐዲድ በጣቱ ዳሰሰ፣ ትርፍ ጎማውን አንስቶ ከሥሩ አየ። ተመልሶ "ሞተሩን አጥበውታል። የታጠበ ሞተር የሚደብቀው ነገር አለው" አለኝ። እውነቱን ነው።

ከዚያ አንዲት ግራጫ አየ። "ይቺ ደግሞ ምንም አልታጠበች፤ ባለቤቷ የማይንከባከባት ናት።" ይሄም እውነት ነው።

እሱን አላህ ያቆይልኝ፣ እኔ ብሆን የመጀመሪያዋን ገዝቼ ነበር።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ፈተና እያረምኩ። ነፋስ። እማ ወገቧን ታማለች። ሲ ዓማር "እህ?" አለኝ በኮሪደሩ። "እየፈለግን ነው" አልኩት። ላዝሀር ተርቦ ገባ፣ በልቶ ወጣ፣ ቡና ቤት ነው። ሜይ እየመጣ ነው።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 18

እንደገና ገበያ። ሁለት መኪና። የአንዷ የፊት መስታወት አሸዋ ጨርሶት ፀሐይ ሲመታው እንደ ወተት ይነጣል፤ ማታ መንገድ አያሳይም። እሺ። ሁለተኛዋ ግን ምንም አልነበራትም። ላዝሀር የበሩን ጠርዝ ጎማ በጣቱ ጠርጎ አሳየኝ፤ አቧራ። "ጎማው ሞቷል" አለ።

"በር እኮ ነው ላዝሀር። የሁሉም በር እንዲህ ነው። የኛም እንዲህ ነው።"

"ታዲያ የኛን አታዪም? በየቀኑ የሚያስገፋን ለምን መሰለሽ?"

ስንመለስ ተናደድኩና በሩን በኃይል ዘጋሁት። አሁን ይቆጨኛል። ሰውየው ዓርቡን ሁሉ ለኔ ሲል ፀሐይ ላይ ይውላል፣ እኔ በር እመታበታለሁ። አመስጋኝ አይደለሁም፤ እማም እንዲህ ትለኛለች።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 23

አገኘኋት! ሰማያዊ ናት፣ ትንሽዬ።

የእንስሳት ሐኪሙ ዶክተር ቱሃሚ ፍየሎች ሊከትብ ቢር ነዓም መጥቶ ትምህርት ቤቱ ጥላ ሥር አቆማት። በዕረፍት ሰዓት ወጣሁና ዙሪያዋን ዞርኩ። ሰውየው ውሃ ሊጠጣ መጥቶ አገኘኝ።

"ወደሻት ነው ወይስ አዝነሽላት?" አለኝ። ወደ ሰሜን ሊዛወር ነው፣ ይሸጣታል።

"አቧራ በልታለች?" አልኩት። ምን ልበል፣ ሌላ ጥያቄ አላውቅም።

ሳቀ። "መምህርት፣ ይቺ መኪና ከግመል ኋላ ነው የኖረችው። ከአቧራ በቀር ምን በልታ ታውቃለች?" ብሎ ኮፈኑን ከፈተልኝ። የአየር ማጣሪያውን አውጥቶ በመዳፉ መታው፤ ብዙም አልወጣበትም። "በየወሩ እቀይራለሁ። ዘይቱንም ከሌላው ሰው ቀድሜ ነው የምቀይረው። አቧራ መብላቷ አይደለም ክፋቱ፣ በልታ አፏን ሳያጥቧት ማደሯ ነው" አለ። የኋላውን ምንጣፍ ሲያነሳ ከሥሩ አንድ እፍኝ አሸዋ አለ። እሱንም አልደበቀኝም።

መሪውን እንድይዝ ጋበዘኝ። ቸኩያለሁ አልኩት። ደወሉ ገና ነበር።

ለላዝሀር ስነግረው "የሐኪም መኪና? እሺ፣ ዓርብ አነጋግረዋለሁ" አለ። መቼም ደስ አላለውም፤ ግን አነጋግረዋለሁ አለ።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 25

ገበያ ላይ ላዝሀር ለዶክተሩ መቶ ሰባ ሰጥተውታል አለኝ። መቶ ሰባ! በሳንቲም ስለምንቆጥር እዚህ አገር ሁላችንም ባለ ሚሊዮን ነን፤ ግን መቶ ሰባ ሚሊዮን ከየት ይመጣል? የኔ ከመቶ ሃምሳ አያልፍም፣ የወርቅ አምባሬን ሸጬም ቢሆን።

ከፒካፑ ሆኜ ሲነጋገሩ አይቻለሁ። ዶክተሩ አንዴ ወደኔ አየ፣ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ሰላምታ ሰጠኝ። ላዝሀር በመሃላችን ቆመ። ተመልሶ "ከአቅማችን በላይ ናት፣ ተያት" አለኝ።

ተውኳት። ምን አደርጋለሁ? አንድ ጊዜ እንኳ መሪዋን ባለመያዜ ግን ቆጨኝ።

ሐሙስ፣ ሜይ 1

የጎረቤት ሠርግ። በሴቶቹ በኩል አንዲት ሴት ከጎኔ ተቀመጠች፤ ወሲላ ትባላለች፣ የዶክተር ቱሃሚ ሚስት ናት። ስሜን ስትሰማ ትከሻዬን ያዘችኝ።

"አንቺ ነሽ የላዝሀር እህት! ባሌ እንዴት እንዳዘነ። ስለ መኪናዋ ደህና አድርጋ የጠየቀችኝ እሷ ብቻ ናት ይላል። ይሁን፣ ሌላ ካገኘሽ አላህ ይባርክልሽ።"

"ሌላ?" አልኩ።

"ወንድምሽ ነው ያለው። ሌላ አግኝታለች፣ ይቺን ትታታለች አለን። እኛም ገና እንዳለን አለን፣ ከመቶ አርባ አምስት የጨመረ ሰው የለም።"

ከበሮው ያኔ ተጀመረ። እልል አልኩ፣ ከሁሉም አስበልጬ እልል አልኩ፤ ጉሮሮዬ እስኪነቃ።

ወሲላ ተሳስታ ይሆናል። ሴት ስለ መኪና ዋጋ ምን ታውቃለች?

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

እንቅልፍ እንቢ አለኝ። ደግሜ ደጋግሜ አሰብኩት። ምናልባት አንድ ሰው መቶ ሰባ ሰጥቶ ኋላ ተመልሶበት ይሆናል። ሰው ይመለስበታል። ቃሉ ካልታሰረ ይመለሳል። ሻጭ "አላህ ያትርፍህ" ብሎ ገዢ "አሚን" ካላለ ምንም አልተሸጠም፤ ካለ ደግሞ ሰማይ ቢወርድ ወደ ኋላ የለም። ምናልባት አሚን አላለ ይሆናል። ላዝሀርም ያንን ነው የሰማው። በቃ።

ሌላው "ሌላ አግኝታለች" ያለው ደግሞ... ለክብሬ ብሎ ነው። አቅሙ የላትም ከማለት ሌላ አገኘች ማለት ይሻላል። አዎ፣ ላዝሀር እንዲህ ነው፤ ከልጅነቱም ለኔ ስም የሚጨነቅ ነው።

ዛሬ ጠዋት ልብስ ሳሰጣ በግድግዳው በኩል እማን ሰማኋት። "እስከ መቼ ነው እንዲህ የምታደርጋት?" አለችው። እሱም "ትንሽ ጊዜ ነው እማ። ትረሳዋለች" አለ። ምን እንደሚያወሩ አላወቅኩም። ስለ ፒካፑ ይሆናል። እማ ለዚያች ፒካፕ እንደ ሰው ነው የምታዝንላት።

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ቸኩያለሁ፣ ሁለት መስመር። ሲ ዓማር፦ "የሚመጣው ሳምንት ሐሙስ ቀኑ ነው ልጄ።" እኔ፦ "እሺ ጌታዬ።" ላዝሀር፦ "ይሄ የሚያቃጥል የሸሂሊ ነፋስ እስኪያልፍ ማን መኪና ይገዛል?" ነፋሱ መቼ አልፎ ያውቃል።

እውነት እንነጋገር ከተባለ እኔስ ባለፈው ዓርብ ገበያ ለምን አልሄድኩም? ራሴን አሞኝ ነበር።

እሑድ፣ ሜይ 11

የሥራ ሳምንታችን ዛሬ ይጀምራል፤ ገና በመጀመሪያው ቀን መንገድ ላይ ቀረን።

ከትምህርት ቤት ስንወጣ ሰማዩ ቀልቷል። "እንቆይ" አልኩት፤ "እንደርሳለን" አለ። የጠጠሩን መንገድ እንዳጋመስን ነፋሱ መጣ። የፒካፑ አፍንጫ እንኳ አልታይ አለ። ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ አሳለና ጠፋ።

መስታወቱን ዘግተን ተቀመጥን። እኔ ሻሼን አፌ ላይ፣ እሱ ጥምጥሙን። አሸዋው ቆርቆሮውን ሲቆላው ሌላ ድምፅ አይሰማም። ምን እንደነካኝ አላውቅም፣ በዚያ መሃል "ላዝሀር፣ ዶክተሩን ስንት ሰጡት ነበር ያልከኝ?" አልኩት።

"መቶ ሰባ" አለ። መሪውን እያየ ነው።

"መቶ ሰባ" አልኩ እኔም።

ሳልጠይቀው ተናገረ፤ እየጮኸ፣ ለነፋሱ ሲል።

"ቡና ቤት ምን እንደሚሉኝ ታውቂያለሽ? የመምህርቷ ሾፌር ነው የሚሉኝ። ገብቼ ስቀመጥ 'ሾፌሩ መጣ፣ ወንበር ልቀቁ' ይላሉ። ስቄ እቀመጣለሁ። ያቃጥለኛል፤ ግን እስቃለሁ።"

"ይበሉ ተዋቸው።"

"ተይ ስሚኝ! አሁን ሾፌር ነኝ። ጠዋት የምነሳበት ነገር አለኝ፤ ፊቴን የምላጭበት ነገር አለኝ። አንቺ መኪና ስትገዢ ምን ሊሉኝ ነው? ንገሪኛ፣ አንቺ የተማርሽ ነሽ። ያኔ ምን እባላለሁ?"

ሳል ያዘኝ። አሸዋው ነው።

ላዝሀር ነፋሱ ሳይቆም ወጣ። ማጣሪያውን ነቅሎ ጎማው ላይ ሲያራግፈው፣ በአፉ ሲነፋው በመስታወቱ ጥላውን ብቻ አየው ነበር። ሲመለስ ቅንድቡ ነጭ ሆኖ አባባን መሰለ። ሞተሩ ተነሳ። ቤታችን በር ላይ ስወርድ "እማ እንዳትሰማ" አለኝ። የትኛውን እንዳትሰማ አልጠየቅኩትም።

አሁን ደብተሩ ላይ ልጻፈው፤ ሌላ ቦታ አልለውም። ዋሽቶኛል። ወንድሜ ዋሽቶኛል፤ እኔም ማወቄን ካወቅኩ ሰነበትኩ። አልጮህኩበትም። ለምን አልጮህኩም? ስለምወደው ነው። ሌላ ምክንያት የለኝም።

ረቡዕ፣ ሜይ 14

ሌላ ምክንያት አለኝ።

ዓምና መንጃ ፈቃድ ባወጣሁ ሳምንት ፒካፑን እየነዳሁ ትልቁ አደባባይ ላይ ሞተሩ ጠፋብኝ። ከኋላዬ መንደሩ ሁሉ ጡሩምባ ነፋ፤ አንዱ ጎረምሳ "ኧረ ወጥ የምታማስልበት ማማሰያ ስጧት!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ወርጄ ለላዝሀር ቁልፉን ሰጠሁት፤ ከዚያ ወዲያ አልነካሁም። ፍሪሲዮኑ ከባድ ሆኖ አይደለም።

እሱ መኪና ሁሉ ባጣጣለ ቁጥር በጎን ሆዴ እፎይ ይል ነበር። ይኸው ተጻፈ። ቆሻሻ ነኝ።

ሲ ዓማርን ዛሬ ለመንኩት፤ "ዓርብ ማታ ልንገርህ" አልኩት። "ከዓርብ አያልፍም" አለ።

ዓርብ፣ ሜይ 16

ዛሬ መሪ ይዤ ዋልኩ።

ጠዋት "ገበያ እንሂድ" አልኩት። "ለምን?" አላለም። ጥምጥሙን አሰረ። ስንደርስ እንደ ልማዱ ሊወርድ ሲል እኔም በሬን ከፈትኩ።

"ወዴት?" አለኝ።

"ወደ ሰማያዊዋ።"

"ኸይራ፣ ተይ።" ስሜን አቆላመጠ፤ ፊቱ ሌላ ሆነ። "ተይ፣ እኔ ልጠይቅልሽ።"

ወረድኩ። ወንዶቹ መንገድ ለቀቁልኝ፤ አንዱ "ወይ ዘመን!" አለ፣ ሌላው ዝም አሰኘው። እግሬ አሸዋው ውስጥ እየሰመጠ መንገዱ አላልቅ አለኝ። ዶክተር ቱሃሚ ከመኪናዋ ጥላ ሥር ተነሳ። ላዝሀር ከኋላዬ ደረሰ፣ ይተነፍሳል። የላዝሀር ቡና ቤት ደጃፍ ላይ የማያቸው ሁለት ሦስት ፊቶችም እዚያው አሉ፤ ጆሯቸውን ቀስረዋል።

"ስንት ሰጡህ ዶክተር?" አልኩት።

ሰውየው ወደ ላዝሀር አየ፣ ከዚያ ወደኔ። ነገሩ ገብቶታል፤ ፍየል ብቻ አይደለም የሚያክመው ለካ። ላዝሀር መሬት መሬት ያያል። ጆሮው ቀልቷል። በዚያች ደቂቃ አንድ ቃል ብናገር ወንድሜ ሁለተኛ ያን ቡና ቤት አይረግጥም።

"መቶ አርባ አምስት" አለ ዶክተሩ ቀስ ብሎ። "ካለፈው ወር ጀምሮ ያው ነው።"

"አዎ" አልኩ ሁሉም እንዲሰማ። "ወንድሜም ያንኑ ነግሮኝ ነበር። እኔ ነኝ እያመነታሁ ያቆየሁህ።"

ግማሹ እውነት ነው።

"መቶ ሃምሳ ሰጠሁህ" አልኩት ቀጥዬ።

ዶክተሩ እንደ ወጉ ወደ ወንዱ ዞረ፣ ለላዝሀር እጁን ዘረጋ። "አላህ ያትርፍህ" አለ። ላዝሀር አሚን ካለ ተሸጠች፤ ዝም ካለ አልተሸጠችም። እጁን ወደ ኋላ አድርጎ ቆመ። ሊያስቀራት ነው አልኩ በሆዴ፣ በሰው ፊት ሊያስቀራት ነው።

"እኔን ምን ትለኛለህ?" አለ ላዝሀር። ድምፁ ሻክሯል። "ገዢዋ ቆማ የለም እንዴ? ለእሷ በላት እንጂ።"

ዶክተሩ እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። "አላህ ያትርፍሽ፣ መምህርት።"

"አሚን" አልኩ። አለቀስኩ ማለት አይደለም፤ ፀሐዩ ነው።

ወረቀቱን ጨርሰን ቁልፉን ስቀበል ነው የገባኝ። ሁለት መኪና፣ ሁለት ሰው። ፒካፑን ላዝሀር ይነዳል፤ ይቺን ማን ሊነዳት ነው?

"ላዝሀር" አልኩት በሹክሹክታ፣ "አልችልም።"

"ትችያለሽ።"

"አደባባዩ አለ።"

"በአደባባዩ አንሄድም። በቴምር ዛፎቹ በኩል በአቧራው መንገድ እንሄዳለን፤ ማንም አያይሽም። ፍሪሲዮኑን ቀስ ብለሽ ልቀቂ፤ እንቁላል የረገጥሽ ይመስል።"

"አንተ ከፊት ሁን እሺ? እከተልሃለሁ።"

"ከፊትማ ከሆንኩ አቧራዬ ይሸፍንሽና መንገድ አይታይሽም። ከፊት አንቺ ነሽ።"

ገበያው መውጫ ላይ ሞተር ጠፋብኝ። አንዱ ጡሩምባ ሊነፋ ሲል ላዝሀር ፒካፑን በመሃላችን አቁሞ አንገቱን አውጥቶ ምን እንዳለው እንጃ፤ ሰውየው ዝም አለ። አስነሳኋት። እንደገና ጠፋች፣ እንደገና አስነሳኋት። ከዚያ ሄደች። በቴምሮቹ መሃል ሦስተኛ ማርሽ አስገባሁ! በመስታወቱ ወደ ኋላ ሳይ ከአቧራ በቀር ምንም የለም፤ ጠፋ ስል ደግሞ የፒካፑ መብራት በአቧራው ውስጥ ብልጭ ይላል። እስከ ቤት ድረስ እንዲያ ከኋላዬ መጣ።

ሲወርድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ጥምጥሙን ፈትቶ ግድግዳው ላይ ሲያራግፍ "እማ! እማ ነይ እይ፣ ይቺ ልጅሽ አቧራ አበላችኝ!" እያለ ጮኸ። እማ ወጥታ ሁለታችንን አየችና የትኛችንን እንደምታቅፍ ጨነቃት።

ለሲ ዓማር ደወልኩ። እሺ አልኩት።

እሑድ፣ ሜይ 18

በራሴ መኪና ወደ ሥራ የምሄድበት የመጀመሪያው ቀን። ገና ሳይነጋ ተነሳሁ። ቁርሴን ጠቀለልኩ፣ ቦርሳዬን ያዝኩ፣ ቁልፌን ያዝኩ፣ ወጣሁ።

ላዝሀር ፊቱን ተላጭቶ፣ ጥምጥሙን አስሮ፣ የፒካፑን በር ከፍቶ ቆሞ ነበር። ተያየን። ቀስ ብሎ በሩን ዘጋው።

"ረሳሁት" አለ።

በእጄ የያዝኩትን አየሁ፤ ዳቦና ቴምር ጠቅልያለሁ፣ እንደ ሁልጊዜው የሁለት ሰው።

"እኔም ረሳሁት" አልኩና የእሱን ሰጠሁት። ፒካፑ ላይ ተደግፎ መብላት ጀመረ። እኔም ሞተሬን አስነሳሁ።